ከአንገት በላይ የሆነ ምርምር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ ጫት የማይታወቅ ነገር የለም። ከአወዳይ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ይታወቃል። ስንት ጆንያ እንደገባ፣ ስንት ኪሎ እንደመዘነ፣ ስንት ፍራንክ ቀረጥ እንደተከፈለበት ጉምሩክ መዝግቦ ይዟል። የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ከጉምሩክ ቀድሞ መንገዱ ያውቃል፤ ባለታክሲው በባዶው ጥሩምባ ይነፋል፣ ጸሐፊው ፋይሉን ከፍቶ አይጽፍም፣ ባልና ሚስት በሰላምታ ይጣላሉ። ቅጠሉ ደርሶ ከእርጥብ ጆንያ ሥር ወጥቶ በሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከተማው ይተነፍሳል። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ መቃሚያው ክፍል፣ ወደ ማብራዙ ይገባል፤ ትራስ ይመቻቻል፣ ውሃ ይቀርባል፣ ጉንጭ ይወጠራል። ዕውቀትም እዚያ ላይ ያበቃል። ከማሳው እስከ ጥርስ ድረስ ያለው መንገድ በደረሰኝ የተሞላ ሲሆን ከጥርስ ወዲያ ያለውን ግን ማንም አልመዘገበውም።

ኢትዮጵያ ሻጭ ናት፤ ከዚህ ቅጠል በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ታገኛለች። ጅቡቲ ቀራጭ ናት፤ ካዝናዋ የቅጠሉን ድርሻ በየቀኑ ይቀበላል። ሁለቱም መንግሥታት የሚነግዱበት ቦታ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የሰው ሥጋ ነው፤ በታችኛው ድድና በጉንጩ መካከል ያለችው ኪስ። ያቺ ኪስ ከሃያና ሠላሳ ዓመት ቂማ በኋላ ምን ትሆናለች? ቁስሉ መቼ ቁስል ብቻ ነው፣ መቼ ካንሰር ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የአንገት በላይ ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ እንዲመልስ ደግሞ ምርምር ያስፈልገዋል። ለምርምሩ ከጆንያው አንዲት ሳንቲም የመደበ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ፣ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ፈረንሳይኛ እንዳስተረጉምለት እዚሁ ጅቡቲ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። በጋላፊ ድንበር በኩል ኮንቴይነር ሲያመላልስ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ነው፤ እንቅልፍን የሚገፋው በቅጠሉ ነው። ግራ ጉንጩ ውስጥ አልድን ያለ ቁስል፣ በቁስሉ ዙሪያ ደግሞ ቢፋቅ የማይለቅ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ሐኪሙ ቅጹን አወጣ። ያጨሳል? አያጨስም። ይጠጣል? በዓል ሲሆን። ስኳር አለበት? ግፊትስ? ጥያቄው አለቀ። ጫት የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለም።

«ይቅማል እኮ» አልኩት።

«እዚህ አገር የማይቅም ማን አለ?» ብሎ ሳቀ። የአፍ ማጠቢያና አንቲባዮቲክ ጻፈለት።

ሰውየው በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ናሙና ተወስዶለት ካንሰር አይደለም ተባለ፤ እሰየው። ነጩ ንጣፍ ግን ክትትል ይፈልጋል ተብሏል። መቃሙን ብቀጥልስ፣ ወደ ቀኝ ጉንጬ ባዞረውስ፣ ብተወው ይጠፋል ወይ ብሎ ሲጠይቅ በእርግጠኝነት የሚመልስለት አላገኘም። የአዲስ አበባው ሐኪም ሰንፎ አይደለም፤ የሚያነበው መልስ ስላልተጻፈ ነው። የጅቡቲው ሐኪም ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር መመዝገብ የለበትም የሚል ሕክምና የት አገር ነው የተማረው? ሁሉም ውሃ ስለሚጠጣ ኮሌራ ሲገባ ውሃውን አንመረምርም ማለት ነው?

ምንም አልታወቀም እያልኩ አይደለም፤ ጥቂት የታወቀ ነገር አለ። ጥቂትነቱ ነው ያስቆጣኝ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያኑ ነው የምቆጥረው።) በ1991 ከሳዑዲ ዓረቢያ አሲር አውራጃ አንድ አጭር ጽሑፍ በጉሮሮና በጆሮ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሐኪሞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጡላቸውን 28 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎች መርምረው አሥሩ ቃሚዎች መሆናቸውን አገኙ። አሥሩም ሲጋራ የማያጨሱ፣ አሥሩም 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የቃሙ፤ ከአሥሩ ስምንቱ ካንሰሩ የያዛቸው በአፋቸው ውስጥ ነበር። ከነዚህም በአንዳንዶቹ ላይ ዕጢው የወጣው ልክ ቅጠሉን በሚያቆዩበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ያነበበ ሰው እንቅልፍ ሊነሳው ይገባል። ሆኖም አሥር ሰው አሥር ሰው ነው። ያልታመሙት የአካባቢው ሰዎች ስንቶቹ እንደሚቅሙ አልተነገረንም፤ አገሩ ሁሉ የሚቅም ከሆነ ታማሚው ቃሚ ሆኖ መገኘቱ ምንም አያረጋግጥም። ጽሑፉ የሚጠይቀው ቀጣይ ጥናት ነበር፤ ቀጣዩን ጥናት ለመሥራት ማን ተነሳ?

የመኖች ሞክረዋል፤ ይመስገኑ። በ2004 የታተመ ሥራቸው የ2500 ሰዎችን አፍ ከፍቶ 342 ነጭ ንጣፎችን መዝግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 70 ናሙና ወስደው በአጉሊ መነጽር አይተዋል። ከእኛም ወገን ፈቃዱ ካሴ የተባለው ተመራማሪ ከቪየና ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2001 ከቃሚዎች አፍ የረገፉ ሕዋሳትን መርምሮ የዘረመል ጉዳት አሳይቷል፤ ትምባሆና አልኮል ሲታከሉበት ጉዳቱ እንደሚደመርም ጽፏል። ጉዳት ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ካንሰር የሚጀምርበት በር ግን እሱ ነው። በ2017 ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ጫትና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ምን እንደሚያገናኛቸው የሚያይ የሙከራ ጥናት ወጥቷል። የሙከራ! ለብዙ መቶ ዓመታት የቃመ ሕዝብ በ2017 ገና የሙከራ ጥናት ላይ ነበር። የመን ውስጥ ደግሞ ጦርነት መጥቶ ሐኪሙንም ታማሚውንም በተነ።

ነገሩ ከባድ ነው የሚሉኝ አሉ። ቃሚው ያጨሳል፣ ሺሻ ይስባል፣ ማታ በመጠጥ ጨብሲ ይላል፤ በዚያ ላይ ቅጠሉ ላይ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት ተነስንሷል። ልክ ነው፣ በኢትዮጵያ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱ በጥናት ታይቷል፤ እሱ ራሱን የቻለ ነውር ነው። ታዲያ ጥፋቱ የቅጠሉ ነው፣ የጭሱ ነው፣ ወይስ የመድኃኒቱ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰነፎች ግን ጥያቄውን ለመጠየቅ ሳይሆን ለመሸሽ ያነሱታል።

እስቲ ማብራዝ ገብታችሁ ተመልከቱ። ቃሚው በአንድ ወገን ነው የሚቅመው፤ የግራ ሰው በግራ፣ የቀኝ ሰው በቀኝ፣ ለዓመታት አይለዋወጥም። የሲጋራው ጭስ ሁለቱንም ጉንጭ ይዳስሳል፣ መጠጡም ሁለቱንም ያጥባል፣ ምራቁ፣ ጥርሱ፣ ዕድሜው፣ ምግቡ ለሁለቱም አንድ ነው። የሚለየው የቅጠሉ መኝታ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃሚ ማነጻጸሪያውን በራሱ አፍ ይዞ ይዞራል! ከአንዱ ጉንጭ የታየውን ከሌላው ጉንጭ ጋር አስተያይቶ በሺህ ሰው ላይ ለአሥር ዓመት የተከታተለ ሐኪም ጭሱን ከቅጠሉ ሊለይ ይችላል። ቅጠሉንና ዲዲቲውን ለመለየት ደግሞ የጆንያውን ናሙና ላቦራቶሪ መላክ ነው። የትኛው ማሳ እንደተረጨ ነጋዴው ያውቃል።

ለዚህ ጥናት ደግሞ ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ቦታ በምድር ላይ ካለ አሳዩኝ። ጫት በጓሮ የሚበቅልባቸው አገሮች ውስጥ ማን ስንት እንደቃመ መገመት ነው። እዚህ ግን አንድ ዘለላ በረሃው ላይ አይበቅልም፤ ሁሉም ከውጭ፣ አብዛኛው ከአንድ አቅጣጫ፣ በየቀኑ፣ በሚዛን ይገባል። ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚመነምን የሚከማች ነገር የለም፤ ዛሬ የገባው ዛሬ ይቃማል። ከተማዋ ትንሽ ናት። ከቀጠና አንድ እስከ ባልባላ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፣ ሰው ማብራዙን አይቀይርም፣ የሚገዛባትን ሴትም አይቀይርም። ተመራማሪ በሕልሙ የሚመኘው የመጠን መዝገብ ጉምሩክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሐኪም ቤቱ ከጉምሩክ በእግር ይደረሳል። ከ2007 ጀምሮ የሕክምና ፋኩልቲ አላት፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ በየዓመቱ አለ።

በድሃ አገር ምርምር አይሠራም የምትሉኝ ቆዩ፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዚሁ በጅቡቲ ከተማ፣ በዚሁ ከአንገት በላይ ባለው ገላችን፣ ዓለምን ያስደነቀ ምርምር ተሠርቷል።

በ1969 ፓሪስ ውስጥ ዦርዥ ካኔቲ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊቅ እንደ ሌላው ቲቢ ሸካራ ሳይሆን ልስልስና አንጸባራቂ ሆኖ የሚያድግ እንግዳ ጀርም አገኘ። ለረጅም ጊዜ እንደ ብርቅ ነገር ተቀምጦ ቆየ። በ1997 የሆላንድ ተመራማሪዎች ያንኑ ጀርም እጢው ካበጠ የሁለት ዓመት የሶማሌ ሕፃን አግኝተው በካኔቲ ስም ጠሩት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከተገኙት ጥቂት ናሙናዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህች ከተማ ነው። የፈረንሳይ ጦር ያስተዳድረው በነበረው በቡፋር ሆስፒታልና ፖል ፎር በተባለው የቲቢ ማዕከል ሐኪሞች ናሙና ወሰዱ። ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ነበሩ፤ ንፍፊት አንገታቸው ላይ ያበጠባቸውም ነበሩ። እናቶቻችን ቅቤ የሚያሹት፣ ባሰ ሲል በጋለ ብረት የሚተኩሱት ያ ንፍፊት በመርፌ ተቀድቶ በብልቃጥ ሆኖ ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ፐርሲ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደ። በ2005 አንድ ታላቅ ጽሑፍ ወጣ፦ ይህ ጀርም የዓለም ቲቢ ሁሉ ቅድመ አያት ዘር ነው፣ ምናልባትም እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቲቢ ከሰው ዘር ጋር ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሳይወለድ አይቀርም አለ። በ2013 ሙሉ ዘረመሉ ተነቦ በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት ታተመ።

ሥራው ድንቅ ነው፤ አልክድም። ሐኪሞቹም ሰረቁ አልልም፤ ታማሚውን አክመዋል፣ መድኃኒት ሰጥተዋል። ያም ሆኖ ምን እንደተጠየቀና ምን እንዳልተጠየቀ እዩ። ጀርሙ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የት እንደነበረ ተጠየቀ፣ በግምትም ቢሆን ተመለሰ። ዛሬ ሕፃኑን አንገቱ ላይ የሚይዘው ከየት መጥቶ ነው? ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ስላልታየ በአካባቢው አንድ ቦታ፣ በአፈር ይሁን በውሃ ወይም በእንስሳ፣ መኖሪያ ሳይኖረው አይቀርም ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ያ መኖሪያ እስከ አሁን አልተገኘም። የጀርሙን ቅድመ አያት አወቅን፣ የልጁን ጎረቤት ግን አላወቅንም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገሬ ሰው፤ ቆራጩን ለመስደብ አይደለም ያነሳሁት። ደጃፉ የማን እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ፈረንሳዊው የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ፣ መልሱን ይዞ ሄደ። የእኛ ጥያቄ የታለ? ማን ጻፈው? በየትኛው በጀት?

ጉንጩንማ ለማየት እንኳ የመጣ የለም። ጫት ሦስት ሚሊዮን ዓመት የለውማ!

አውሮፓ ደግሞ በሌላ መንገድ ሸሸች። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ጫትን ከለከሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ የሾማቸው አማካሪዎች በጥር 2013 ለእገዳ የሚያበቃ ማስረጃ አላየንም ብለው ሲመክሩት አልሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጉዳዩን አይቶ ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አልልም ብሎ ነበር። እነሱ ከለከሉ፣ እኛ ቀረጥን፤ የቃሚውን አፍ ከፍቶ ያየ የለም። በለንደን ቃሚው ወደ ጓዳ ገባ፣ በጅቡቲ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ቁስሉ በሁለቱም ቦታ አብሮት ነው።

እስያ ውስጥ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ተጠይቆ ተመልሷል። እዚያ በጉንጭ የሚያዘው አሬካ የሚባል ፍሬ ነው፤ በቅጠል ጠቅልለው ኖራ ቀብተው ያኝኩታል። ለዓመታት ካንሰሩ የሚመጣው አብሮት ከሚታኘከው ትምባሆ ነው ሲባል ኖረ። ታይዋኖች አብዛኞቹ ያለ ትምባሆ ስለሚያኝኩት ጥናቱን ለያይተው ሠሩ፤ ሊዮን ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2004 ባሳተመው ጥራዝ ያለ ትምባሆም ቢሆን ካንሰር አምጪ ነው ብሎ ዘጋው። ታይዋን በዚያ አልቆመችም፤ ለአኛኪዎቿና ለአጫሾቿ አፋቸውን በነጻ የምታይበት ብሔራዊ ፕሮግራም ዘረጋች። ሕንድ ውስጥ፣ በኬራላ፣ ሐኪም እንኳ ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አፍ በዓይናቸው አይተው በትምባሆ ተጠቃሚዎችና በጠጪዎች ላይ በአፍ ካንሰር መሞትን መቀነሳቸው በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በዓይን! በባትሪና በእንጨት ማንኪያ! ኬራላ ሀብታም ነበረች?

እንግዲህ ገንዘብ የለም አትበሉኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው ያሰማራች ኢትዮጵያ፣ ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የካንሰር መዝገብ ያላት ኢትዮጵያ፣ በጫት ላይ ግብር ስትጥል እጇ የማይንቀጠቀጥ ኢትዮጵያ፣ ከየኪሎው ጥቂት ሳንቲም ለምርምር መቁረጥ አያቅታትም። ጅቡቲም ከቀረጡ ላይ እንዲሁ። የገንዘቡ ሣጥን ለሁለቱ አገር አንድ ይሁን፤ ቅጠሉ ድንበር አያውቅምና ጥናቱም አይወቅ። ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ የአንገት በላይ ሐኪሞች በአንድ ቅጽ ይጻፉ፤ ቅጹ ላይ ስንት ዓመት ቃሙ፣ በቀን ስንት ዙርባ፣ በየትኛው ጉንጭ የሚሉ ሦስት መስመሮች ይኑሩ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ከመታተሙ በፊት በሶማሌኛ፣ በአፋርኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ለቃሚው ይነገር።

የሐረርጌን ገበሬ ጉሮሮ ልትዘጋ ነው የሚለኝ ደላላ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቡና ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ሞኝ አይደለም፤ ቡና ያላበላው ሰው ነው። ይታገድ አላልኩም፣ አልልምም። ጥናቱ ምናልባት ቅጠሉን ነጻ ሊያወጣው ይችላል፤ ምናልባት ጥፋቱ የዲዲቲው ሆኖ ይገኝና መድኃኒቱን የተወ ገበሬ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ምናልባትም ክፉ ወሬ ይመጣል። ደላላው ይህን ክፉ ወሬ ስለሚፈራ ነው ለገበሬው የተቆረቆረ የሚመስለው። ገበሬውማ ራሱ ከማለዳው ቂማ፣ ከኢጀባና ጀምሮ የሚቅም ሰው ነው፤ ጉንጩም ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ጉንጭ ነው። ሕፃን አዝላ ከፀሐይ በታች ዘለላ የምትሸጠዋ የጅቡቲ ሴትም እንዲሁ። እነዚህን ሰዎች ከለላ አድርጎ ጥናት መፍራት ትልቁ ድፍረት ነው።

የአገሬ ሰዎች፣ በዚህች ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ለእናንተም አለኝ። ወደብ ላይ የምትሠሩ፣ ቤት የምትጠብቁ፣ ፒኬ 12 ላይ ከመኪናችሁ ሥር ምንጣፍ የምታነጥፉ፣ ሐኪም ቤት ስትገቡ ጫት መቃማችሁን እንደ ነውር አትደብቁ። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይፋቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ ያለ ጉንፋን የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ አንገት ላይ ያደረ እብጠት ካለ የአፍ ማጠቢያ ተቀብላችሁ አትውጡ፤ ናሙና ይወሰድልኝ በሉ። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ካላችሁ፣ ጠርዙ ላይ ጻፍልኝ በሉት። ፊታችሁ ሲጽፍ ሳታዩ ከወንበሩ አትነሱ።